ጋዜጠኛው ባለሥልጣኑን አፍ አፋቸውን ሲላቸው እናንተ ለማን ታዝናላችሁ?

የአቶቴው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን እያለ በቲቪ የአንድ ባለሥልጣን ቃለ መጠይቅ መጣ። ጥያቄው ተጀምሮ ስለቀረ መንገድ ነው። ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ጋዜጠኛው እጁን እያወራጨ «እሱን ተወው፣ ተወው!» ይላቸዋል። መጀመሪያ እኔም አንጀቴ ራሰ፣ እሰይ አልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ቅድም ሰውየውን ሲረግሙ የነበሩት ሁሉ «አሳዳጊ የበደለው! አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው እኮ» ማለት ጀመሩ። መንገዱን ያነሳ አንድም ሰው የለም። በጣም ተናደድኩ። ጥፋቱ የኛ የተመልካቾች ነው ወይስ የልጁ?

ታቦር ሥር፦
እኔም ቤት ሆኜ አይቼዋለሁ። «ክቡርነትዎ» ብሎ ጀምሮ «ተወው» ላይ ሲደርስ ለኔ እዚያው አለቀ። በአማርኛ ከእርስዎ ወደ አንተ መውረድ በራሱ ስድብ ነው፣ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። እናቴ «አጥፊው» ብላ ተነስታ ሄደች። ደግሞ ሴት ባለሥልጣን ስትቀርብ ከመጀመሪያው «አንቺ» የሚሉ አሉ፣ እሱ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ዜና ወዳድ፦
ማፋጠጥና መሳደብ ለየቅል ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1997 የቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን የቀድሞውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን አንዲት ጥያቄ ወደ 12 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ጠየቃቸው። የማረሚያ ቤቶች ኃላፊውን ውሳኔ እሽራለሁ ብለው አስፈራርተው ነበር ወይ፣ በቃ እሷን ብቻ። ሰውየው ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱ እሱ ያችኑ ጥያቄ ይመልሳል። አልሰደባቸውም። ይኸው ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም ሰው የሚያስታውሰው ጥያቄዋን ነው። የናንተው ጋዜጠኛ ግን ስለ መንገዱ ስንት ጊዜ ጠየቀ?

የሐይቁ ዳር፦
ይኼ ነገር ተጠንቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. ዳያና መትዝና ባይረን ሪቭስ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተዋንያንን እንደ ፖለቲከኛ አስመስለው በቲቪ አከራከሩ። ክርክሩ ሁለት ዓይነት ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ በአንደኛው ተከባብረው ይነጋገራሉ፣ በሌላው አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋርጣል፣ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ። ባለጌውን ያዩት ሰዎች በፖለቲከኞችና በአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ላይ ያላቸው እምነት ጨዋውን ካዩት አነሰ። ግን ይበልጥ የሚያዝናናው እሱው ባለጌው ነበር። ጣቢያዎች ለምን እንደሚወዱት ከዚህ ይገባኛል።

ቀጥተኛው፦
እኔ አልስማማም! ስንት ዓመት ሙሉ «ክቡር ሚኒስትር፣ ለሕዝቡ የሚያስተላልፉት መልእክት ካለ?» የሚል ጋዜጠኛ ስናይ ኖርን፣ እሱስ ለተመልካች ንቀት አይደለም? ምርጫ 97 ላይ ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ ትዝ ይላችኋል? ሰው ሥራውን ጥሎ ቲቪ ላይ ተተክሎ ነበር፣ ባለሥልጣን ፊት ለፊት ሲሞገት ማየት ብርቅ ስለነበረ። ጨዋነት የሚሉት ነገር ስንቱን ማምለጫ ሆኖታል። ልጁ ቢሳሳት እንኳ ቢያንስ ደፍሯል።

የአቶቴው ልጅ፦
ቀጥተኛው ወንድሜ፣ መድፈሩን አልጠላሁትም። ግን ዛሬ ጠዋት ጁስ ቤቱ ተመልሼ ባለቤቱን ጠየቅኩት። ሰውየው ስለ መንገዱ ምን አሉ? አልኩት። ብርጭቆ እያጠበ ትንሽ አሰበና «እንጃ፣ መች አስጨረሳቸው» አለኝ። እኔ ራሴም ሳስበው የማስታውሰው የልጁን እጅ ብቻ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ከጁስ ቤቱ ወጥተን በባጃጅ እየተንገጫገጭን ወደ ቤት የምንሄድበት ነው።