የሟች ቃል የተጻፈውን ኑዛዜ ይሽራልን?

ለቀስተኛው፦ ባለፈው እሑድ ከአንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ የእድር ዳኛ «ሟች ሊያርፉ ሲሉ ያንን ወረቀት ሽሬዋለሁ ስላሉ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የተፈረመው ኑዛዜ ፈርሷል፤ የሟች ቃል አይታጠፍም» ሲሉ ሰማሁ። ከድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰው አልተቃወማቸውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ድንኳን ድረስ አልደረሰም ማለት ነው?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ሽማግሌ ከማቃለልዎ በፊት ቁጥር 898ን ቢያነቡ መልካም ነበር። ሕጉ ሻሪው ለኑዛዜ በተወሰነው ሥርዓት ይናገር አለ እንጂ፣ የቀድሞው ኑዛዜ በተደረገበት ዓይነት ይሁን አላለም። የቃል ኑዛዜም በቁጥር 880 ከሦስቱ ዓይነቶች አንዱ ነው። ሁለት ምስክሮች ከሰሙ አይታጠፍም።

ለቀስተኛው፦ ይህ «የማይታጠፍ» ቃል እኮ፣ ተናጋሪው ድኖ ሦስት ወር ከቆየ በራሱ ጊዜ ይታጠፋል። ቁጥር 893ም በቃል ሊነገር የሚችለውን ቆጥሮ ሰጥቶናል፤ እርሱም የቀብር ሥርዓት፣ የልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ነው። መሻር የሚል የት አለ?

የእድሩ ጸሐፊ፦ የሻረ ሰው ለማንም ምንም አልሰጠም፤ ንብረቱን ያለ ኑዛዜ ለሚደረገው ውርስ መለሰው እንጂ። 893 የሚገድበው መስጠትን ነው።

ጠበቃዋ፦ እንዲህ ከሆነ፣ በቃል 501 ብር መስጠት ያልተፈቀደለት ሰው፣ ለአንዲት ልጁ በጽሑፍ የተናዘዘላትን ሙሉ ቤት በቃል ከእጅዋ ሊያወጣ ተፈቅዶለታል ማለት ነው፤ ቤቱም ለሰባት ወንድምና እህት ይከፋፈላል። ይህን «ምንም አልሰጠም» ብሎ መጥራት ቋንቋን ማስጨነቅ ነው። እርግጥ 500 ብሩ በዛሬ ገበያ መሳቂያ መሆኑን አልክድም፤ ቁጥሩ ማነሱ ግን የሕግ አውጪውን ጥርጣሬ አይቀንሰውም።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ጥርጣሬው በማን ላይ ነው? ሟችን ሲያስታምሙ ባደሩት ላይ? ደግሞ ሟች በቤታቸው የነበረውን ወረቀት ቀድደውታል፤ በቁጥር 899 መቅደድም መሻር ነው።

ጠበቃዋ፦ መቅደዱ ፈቃዳቸውን በበቂ ሁኔታ ካሳየ ነው። የቀደዱት ቅጂውን ከሆነና ዋናው በመዝገብ ቤት ካለ፣ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል እንጂ አያልቅም። ለመሆኑ ሲቀድዱ ማን አያቸው?

የእድሩ ጸሐፊ፦ አይታጠፍም ያሉትን ሰው ይጠይቋቸው።

ለቀስተኛው፦ እንግዲያውስ ልጠይቅ፤ ከሁለቱ የቃል ምስክሮች አንደኛው የእድር ዳኛው ራሳቸው ነበሩን?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ነበሩ። ሁለተኛውም እኔ ነበርሁ፤ ምን ይሁን?