የጠገራ ብርና የሜዳሊያ ፎቶግራፍ፦ ነጸብራቁን እንዴት ላስወግድ?

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኳቸውን ጥቂት ጠገራ ብሮችና አያቴ ከኮሪያ ዘመቻ በኋላ የተሸለሙትን፣ ጀርባው ላይ በአማርኛ የተቀረጸበትን የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ለቤተሰብ መዝገብ በስልኬ እያነሣሁ ነው። የምኒልክን ብር ሳነሣ የንጉሡ ፊት በነጭ ነጸብራቅ ይሸፈናል፤ ነጸብራቁን ለመሸሽ ብሩን ዘንበል ሳደርገው ደግሞ ክቡ ሞላላ ሆኖ ይወጣል፣ በዙሪያው ካለው ጽሑፍም ግማሹ ይደበዝዛል። ሜዳሊያው ነሐስ ስለሆነ እምብዛም አያስቸግርም፤ ነገር ግን የሪባኑ ሰማያዊ መስመር ወደ ሐምራዊ ያደላብኛል። ከመስኮቴ ፊት ለፊት የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ስላለ ከረፋድ ጀምሮ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፤ ስለዚህ አምፖልም አበራለሁ። ብሮቹ ስለጠቆሩ አስቀድሜ ባጸዳቸው ይሻል ይሆን?

መልስ፣ ከየካ አባዶ፦

በመጨረሻው ጥያቄ ልጀምርና፣ እባክዎ አያጽዷቸው። ጥቁረቱ ብሩ በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፤ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ሲፈተግ ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን የብሩም ገጽ አብሮ ይላጫል። የተፈተገ ብር ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ሰብሳቢ ግን ገና ሲያየው ጭረቶቹን ይለያል።

ወደ ነጸብራቁ ስንመጣ፣ መንቀሳቀስ ያለበት ብርሃኑ እንጂ ብሩ አይደለም። ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ስልኩን ከላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ በማቆሚያ ያቁሙት። ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ በብሩ ቦታ ትንሽ መስታወት ያኑሩና የስልኩ ሌንስ ራሱን ከምስሉ መሐል እስኪያይ ድረስ ያስተካክሉት፤ የሞላላው ችግር በዚህ ያበቃል። ስልኩን አያስጠጉት፤ ወደ 25 ሳንቲሜትር አርቀው ምስሉን ሁለት እጥፍ ቢያጎሉት የስልኩ ጥላ አይወድቅበትም። ከዚያ ሁለት የጠረጴዛ መብራቶችን፣ በግድግዳ ሰዓት ገጽ 10 እና 2 ቁጥሮች ባሉበት አቅጣጫ አድርገው፣ ፊታቸውን በስስ ነጭ ወረቀት ይጋርዱ። መብራቱ ከፍ ባለ ቁጥር ገጹ ለስላሳ ይመስላል፤ ዝቅ ሲል የፊደላቱ ጥላ ይረዝማል፣ ትንሿም ጭረት ገደል ታክላለች።

መልስ፣ ከሰበታ፦

ከላይ በተጻፈው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁለት መብራት ለሁሉም አይሆንም። ብዙ እጅ የነካው ብር የንጉሡ ጉንጭና ጺም ስለሚለሰልስ፣ ከሁለት ወገን ሲበራበት ጥላው ይጠፋና ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ ብርሃን እመርጣለሁ። በተቃራኒው ገጹ እንደ መስታወት ለሆነ አዲስ ሜዳሊያ፣ ከፎቶ ፍሬም የወጣ ንጹሕ መስታወት በሌንሱና በሜዳሊያው መካከል 45 ዲግሪ አጋድሞ መያዝና መብራቱን ከጎን ወደ መስታወቱ መላክ ይረዳል፤ ከብርሃኑ ከፊሉ በቀጥታ ወደ ሜዳሊያው ይወርድና በመጣበት መንገድ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። በመስታወቱ ማዶ ጥቁር ጨርቅ ካልተሰቀለ ግን የግድግዳው ምስል ፎቶው ውስጥ ይገባል።

የሪባኑን ቀለም ያበላሸው የመስኮትና የአምፖል ብርሃን መደባለቁ ይመስለኛል። መጋረጃውን ይዝጉና በአምፖል ብቻ ይሥሩ፤ የነጭ ቀለም ሚዛኑንም (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የካሜራ ማስተካከያ) ነጭ ወረቀት አስቀምጠው በእጅዎ ያስተካክሉት እንጂ ለስልኩ አይተዉለት።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጋረጃውን ስዘጋ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆነ፤ የብሩም ፊት በአንድ መብራት በደንብ ወጣ። ከዘውዱና ከጎፈሩ (ከፊቱና ከጀርባው) ሌላ ለመዝገቡ የሚያስፈልግ ፎቶ ይኖራል?

መልስ፣ ከቃሊቲ፦

ልጄ፣ ጠርዙን እንዳትዘነጋ። የምኒልክ ብርም ሆነ 1780 የተጻፈበት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር) ጠርዛቸው ላይ ጽሑፍ አላቸው፤ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በመፍሰስ የተሠራ አስመሳይ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠውም እዚያ ነው። ብሩን በታጠፈ ካርቶን መካከል አቁመህ ጥቂት ጥቂት እያዞርክ አንሣ፤ ላስቲክ ግን አትጠቀም፣ ጎማ ድኝ ስላለው ብር ያጠቁራል። በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የፊት እግር ግራው ወይም ቀኙ መሆኑና በግእዝ ቁጥር የተጻፈው ዓመት በግልጽ ይታዩ፤ አንዳንድ ስልክ በፊት ካሜራው ሲያነሣ ምስሉን ስለሚገለብጥ ሁልጊዜ በኋላው አንሣ። በማርትሬዛ ላይ ደግሞ የእቴጌይቱ የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎችና የንስሩ ጅራት ላባዎች ቀርበው ይነሡ፤ ብሩ የትና መቼ እንደተመታ የሚለየው በእነዚህ ነውና። አንድ ፎቶ ላይ ማስመሪያ አጠገቡ አድርግ፤ የክብደቱንም መጠን ጻፍ፤ ሁለቱም ብሮች 28 ግራም ገደማ ናቸው። ብሩን ስታነሣ ጠርዙን ብቻ ያዝ፤ ጣትህ ገጹን ከነካ ላቡ ከወራት በኋላ አሻራ ሆኖ ይወጣል።