ግማሽ ቀለሃ ቻምበር ውስጥ ቀርቷል፤ 9.3×62፤ እስከ ንጋት መፍትሔ ያለው?

የቃሉ_ልጅ (ጠያቂ)፦
ያ ጀማዓ፣ እንዴት አመሻችሁ? ቶሎ የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ። ጠመንጃው ሞዘር 98 ነው፣ ጥይቱ 9.3×62 (የእርሳሱ ስፋትና የቀለሃው ርዝመት በሚሜ)። ዛሬ ኢላማ ሲፈተሽ፣ ሁለተኛው ተኩስ ላይ መቀርቀሪያው ሲከፈት የቀለሃው ቂጥ ብቻ ወጣ። የፊቱ ክፍል እዚያው ቻምበር (የጥይቱ ማደሪያ) ውስጥ ቀርቷል። ሌላ ጥይት አይጎርስም። በጩቤ ጫፍ ተሞክሮ እምቢ ብሏል። ያለነው ኮምቦልቻ ነው። ነገ 11 ሰዓት ላይ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ እንወርዳለን፤ እንግዳው የሳላ ፈቃድ ከፍሎ ነው የመጣው። ምን ይደረግ?

ሳይንት98፦
መጀመሪያ ጩቤውን አስቀምጥ። የቻምበሩን ግድግዳ ከጫርከው ከዛሬ በኋላ የሚተኮሰው ቀለሃ ሁሉ እዚያ ጭረት ላይ ይይዛል። ቀጥሎ እነዚህን መልስልኝ፦ ጥይቱ የፋብሪካ ነው ወይስ በእጅ እንደገና የተሞላ? እርሳሱ ኢላማው ላይ አርፏል ወይስ ቱቦ ውስጥ ነው? የወጣው ቂጥ ርዝመቱ ስንት ነው? ሙሉ ርዝመት ያለው መወልወያ ዘንግ አላችሁ?

ጦሳ_ጫፍ፦
ደሴ አምጡትና ጦሳ ተራራ ላይ ይደር። በብርዱ ራሱ ተንቀጥቅጦ ይወጣል 😄

ሕግ_ይከበር፦
ወንድሜ፣ ከዘንግና ከብሩሽ በፊት ወረቀት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። የእንግዳ ጠመንጃ በእንግዳው ስም ነው የተመዘገበው፤ ማንም ጋራዥ ይዞት እየዞረ «ክፈቱልኝ» የሚለው ዕቃ አይደለም። ባለቤቱና ፈቃዱ አብረው ይሁኑ። ደግሞ አደን በፈቃድ እንጂ በድፍረት አይደለም፤ ሳላ ለማየት የሚመጣውም ለመተኮስ የሚመጣውም ይህን ቢያውቅ ሸጋ ነው።

የቃሉ_ልጅ፦
ጋሼ፣ ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ወረቀቱም አለ። @ሳይንት98፣ እርሳሱ ኢላማው ላይ አርፏል። ቂጡ ወደ 9 ሚሜ ይሆናል፣ ዙሪያውን እኩል የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ጥይቱ በፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ የፋብሪካ ካርቶን የለውም። ቀርቶ ያለው 14 ነው። ዘንግ አለ፣ ግን ባለ ሦስት ቁራጭ አሉሚኒየም።

ሐይቅ_ዳር፦
ጠያቂው የተሳሳተ ጥያቄ ነው የያዘው። ችግሩ ቀለሃው ሳይሆን ካሊበሩ ነው። 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ከ1912 ጀምሮ አለ፣ ቂጡ ላይ ቀበቶ (ዙሪያውን የወፈረ ናስ) አለው፣ በቀበቶው ይይዛል፣ እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። 19.4 ግራም እርሳስ በሰከንድ ወደ 770 ሜትር። ለምን በ9.3 ይንገላታሉ?

ቀለሃ_ሰብሳቢ፦
@ሐይቅ_ዳር፣ ክርክሩን ነገ እንጨርሰዋለን፤ ሰውየው 11 ሰዓት ይወርዳል። የቃሉ ልጅ፣ እንዲህ አድርግ።
ካዝናውን ባዶ አድርግ፣ መቀርቀሪያውን ሙሉ በሙሉ አውጣው። አፈሙዙን ወደ ላይ አቁመህ ከአፈሙዙ በኩል አንድ የሻይ ማንኪያ ደብሊው ዲ 40 ወይም ላምባ በቀጭን ዘይት ቀላቅለህ አፍስስ። ከላይ ወርዶ በቀለሃው አንገትና በቻምበሩ መካከል እንዲሰርግ ነው፤ ከታች በኩል ብትረጨው ቀለሃው ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከታች ጨርቅ ጎስጉስ፣ እንጨቱን እንዳይነካ። አንድ ሰዓት ጠብቅ።
ከዚያ የቀለሃውን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። የነሐስ ሽቦ ብሩሽ ፈልግ፣ ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሜ፤ የ45 ሽጉጥ ብሩሽ ልክ ነው። ከኋላ ወደ ቀለሃው ሆድ አስገባው፣ አንገቱ ላይ ሲደርስ ተው። አሁን ዘንጉን ከአፈሙዙ አስገብተህ ብሩሹ ላይ አሳርፍና በእንጨት መዶሻ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ምታ። የገባው ብሩሽ ወደ ኋላ ሲገፋ ፀጉሩ ይገለበጥና ናሱን ነክሶ ይዞት ይመጣል። አሥሩ ውስጥ ስምንቱ በዚህ ይወጣል።
የአሉሚኒየሙን ቁራጭ ዘንግ አትጠቀም፣ መጋጠሚያው ላይ ይታጠፋል። 8 ሚሜ የነሐስ ዘንግ፣ 80 ሳ.ሜ የሚሆን፣ ጫፉ ጠፍጣፋ።

መርሳ_ጋራዥ፦
ብሩሽ የት ይገኛል በዚህ ሰዓት? ባለ 8 ፌሮ በቱቦው አስገብተህ በመዶሻ ብትለው በአንድ ምት ነው የሚወጣው።

ቀለሃ_ሰብሳቢ፦
ኧረ በአላህ! ፌሮ ላይ ያለው ጉብ ጉብ የቱቦውን ጥምዝ መስመሮች ነው የሚገሸልጠው። በዚያ ላይ ምኑን ሊመታ ነው? የቀለሃው አንገት ለ9.3 እርሳስ የተከፈተ ነው፣ 8 ሚሜ ዘንግ ሳይነካው ያልፋል። ብሩሽ ወይም ሌላ ነካሽ ነገር መሃል ላይ ከሌለ ዘንግ ብቻውን ዋጋ የለውም።

መርሳ_ጋራዥ፦
እሺ ፌሮው ይቅር። የውስጥ ጥርስ ማውጫ ግን ጋራዥ ሁሉ አለ። 12 ቁጥር፣ የመጀመሪያውን ሾጣጣውን። በእጅ ብቻ፣ እንደነከሰ ተው። ከዚያ ከአፈሙዙ በኩል በዘንጉ ግፋ።

ሳይንት98፦
ይሄኛው ይሠራል፣ ግን ሁለተኛ ምርጫ ይሁን። ናሱ እዚያ ቦታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚወፍረው። ከሁለት ዙር በላይ ካዞርከው ናሱን በስቶ የቻምበሩን ብረት ይነካል። ጥርስ ማውጫ ብረት ለመቁረጥ የተሠራ ነው፣ አትርሳ።

ወረባቦ፦
ፈላ ውሃ አፍሱበት፣ ሲሞቅ ይለቃል። ብሎን ሁሉ እንዲህ ነው የሚፈታ።

ሳይንት98፦
ተቃራኒው ነው። ናስ ከብረት የበለጠ በሙቀት ይለጠጣል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ናስ ወደ 19፣ ብረት ወደ 12 ሚሊዮንኛ። ውስጥ ያለው ናስ ነው፣ ስታሞቀው ይበልጥ ይጠብቃል። ብርድ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ጦሳ ጫፍ ሲቀልድ እውነት ተናግሯል። ሆቴሉ ትልቅ ፍሪዘር ካለው ቱቦውን ከእንጨቱ ፈትታችሁ ሁለት ሰዓት አስቀምጡት፣ ከዚያ እንደቀዘቀዘ በብሩሹ ሞክሩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ዘይቱን ግን ያግዘዋል። ሲወጣ ጤዛ ስለሚይዝ ወዲያው ጥረጉት።

ጦሳ_ጫፍ፦
አላልኩም? 😄 አብሽር የቃሉ ልጅ፣ ከሥጋው አጠገብ ይደር።

የኔታ_ምንሽር፦
እዚህ አገር ቤልጅግ (7.92×57 የሚተኩሰው የቤልጅየም ሞዘር) ያለው ሰው ብዙ ነውና አንድ ነገር ልበል፣ ከረፈደ በኋላ እንዳይሆን። «9.3 ጥይት ካለቀ የቤልጅግ ይሞከር» የሚል ሰው አይጠፋም። የሁለቱም ቂጥ አንድ ልክ ነው፣ 11.95 ሚሜ፤ የመቀርቀሪያው ጥፍር ሁለቱንም ይይዛል። 7.92×57 ግን አጭር ነው፣ እርሳሱም 8.2 ሚሜ ነው። 9.3 ቻምበር ውስጥ ትከሻው የሚደገፍበት የለም። ቢተኮስ ቀለሃው ሊፈነዳ፣ ጋዙም ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ሞዘር 98 የጋዝ ማስወጫ ቀዳዳ ቢኖረውም በእሱ አትተማመኑ።
ይህ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የበርሊኑ ጠመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ በ1905 9.3×62ን ሲያወጣ፣ ተራው የሞዘር 98 ካዝናና መቀርቀሪያ ሳይነካ እንዲበቃው አስቦ ነው። ርካሽ ጠመንጃ፣ 18.5 ግራም እርሳስ፣ በሰከንድ 720 ሜትር አካባቢ። አፍሪካ ውስጥ እርሻ የያዘው ጀርመናዊ ሁሉ የገዛው ለዚህ ነው። 375ቱ 91 ሚሜ ይረዝማል፤ ተራ ሞዘር ውስጥ ለማስገባት ብረት መብላት አለብህ። የ9.3ቱ ምት ትከሻ አይሰብርም፣ እርሳሱ ግን ሥጋ ሳያባክን ያልፋል። ለሳላ ከበቂ በላይ ነው።

ሐይቅ_ዳር፦
የኔታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ቀበቶ ቢኖረው ግን ይህ ቀለሃ አይቆረጥም ነበር።

ሳይንት98፦
ይቆረጥ ነበር። እንዲያውም ባለ ቀበቶዎቹ ናቸው ከቀበቶው በላይ ቶሎ የሚቆረጡት። ቀበቶው ቂጡን ይይዛል፣ ትከሻው ግን ቻምበሩ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይቀራል፤ ሞይው (ቀለሃውን እንደገና የሚሞላው ሰው) በየሙሌቱ ትከሻውን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ በየተኩሱ ናሱ ቂጡ አካባቢ ይሳሳል። የዚህም ምክንያት ያው ነው። የቃሉ ልጅ፣ 9 ሚሜ ላይ ዙሪያውን እኩል መቆረጡ የፍንዳታ ምልክት አይደለም፣ የመለጠጥ ነው። እንደገና የተሞላ ጥይት፣ ሳጥኑ ፕላስቲክ፤ አሁን ገባኝ።
የመጀመሪያው ተኩስ ቀለሃ ካለህ አምጣው። ቀጭን ሽቦ ወስደህ ጫፉን 2 ሚሜ በቀኝ ማዕዘን እጠፈው፣ ሹል አድርገው። ቀለሃው ውስጥ አስገብተህ ግድግዳውን እየነካህ ከሥሩ ወደ ላይ ሳብ። ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሽቦው ቦይ ውስጥ ከገባ፣ ያም ሊቆረጥ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። በውጭ በኩል ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይታያል።
14ቱን አትንኩ። ባሩድ ስላለባቸው በሽቦ አይፈተሹም፣ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያለቁ ናቸው።

የቃሉ_ልጅ፦
የመጀመሪያው ላይ ቀለበቱ አለ!! ሽቦውም ያዘ። እንግዳው ቦርሳ ውስጥ አንድ ካርቶን የፋብሪካ 20 አግኝተናል። ብሩሽ የሚያመጣ ልጅ ልከናል።

ቀለሃ_ሰብሳቢ፦
ግሩም። ከወጣ በኋላ የሚረሳውን ልንገርህ፦ ቻምበሩን አድርቀህ ጥረገው፣ ዘይት አንዲት ጠብታ አይቅር። ዘይት ያለበት ቻምበር ቀለሃው ግድግዳውን እንዳይዝ ያደርጋል፣ ግፊቱ ሁሉ መቀርቀሪያው ላይ ይወድቃል። በባትሪ ውስጡን እይ፣ የናስ ቅንጣት ካለ አውጣ።
የፋብሪካውን አንድ ተኩስና ቀለሃውን በሽቦ ፈትሽ። ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የሞይው ነው። አዲስ ቀለሃ በአንድ ተኩስ ቀለበት ካወጣ ግን ቻምበሩ ጠልቋል፣ ያ ጠመንጃ ለዚህ ጉዞ አይወርድም፤ አዲስ አበባ በመለኪያ ይታይ። ኢላማውንም እንደገና ፈትሽ፤ የፋብሪካው ጥይት ከእጅ ሙሌቱ ጋር አንድ ቦታ አይመታም። ሦስት ተኩስ፣ በ100 ሜትር 5 ሳ.ሜ ከፍ ይበል።

መርሳ_ጋራዥ፦
ብሩሽ ካጣችሁ 12 ቁጥር ጥርስ ማውጫ አለኝ ብያለሁ። ሾጣጣውን።

ሐይቅ_ዳር፦
ወጣ ወይስ? ... የቃሉ ልጅ?

ወረባቦ፦
ለቤልጅግም ይህ ብሩሽ ይሆናል ወይስ ሌላ ቁጥር ነው?

ሳይንት98፦
ይሆናል። የ7.92 ቀለሃ ሆዱ ከ9.3ቱ ብዙም አይጠብም፣ 11 ሚሜውን ያዝ። ዘንጉ ግን 6 ሚሜ ይሁን፣ 8 አያልፍልህም።