ልጅ «መጀመሪያ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ»ን እንዴት ይልመድ?

ጥያቄ
ልጄ 4 ዓመት ከ6 ወር ሆኗታል። ውሎዋን ስትነግረኝ መጨረሻውን ታስቀድምና መሐሉን ትዘለዋለች። ባለ6 ሥዕል የቅደም ተከተል ካርድ ሰጠኋት፤ እንዳገኘች ትደረድረዋለች። «እጅሽን ከመታጠብሽ በፊት ምን አደረግሽ?» ስላት ደግሞ ከታጠበች በኋላ ያደረገችውን ትነግረኛለች። ከየት ልጀምር?

መልስ 1
6 ካርድ ለጀማሪ ብዙ ነው፤ ወደ 3 ያውርዱት። እነዚያንም አንዴ አይዘርግፉላት። 1ኛውንና 2ኛውን እርስዎ ያስቀምጡ፤ ለ3ኛው ቦታ ሁለት ካርድ ያቅርቡ፣ አንዱ ትክክለኛው፣ ሌላው ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ። አንድ ካርድ ብቻ ከተረፈ ምንም ሳታስብ ትሞላዋለችና። ይህ ሲቀላት 1ኛውን ብቻ አስቀምጠው ሁለቱን ለእሷ ይተዉ፤ ቀጥሎ ሦስቱንም። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሥዕል ሳትሳሳት ስትደረድር 4ኛ ይጨምሩ።

የሥዕሉ ምርጫ ከቁጥሩ ይበልጣል። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ፊኛ ለቅደም ተከተል አይሆኑም፤ ሲነፋ ነው ወይስ አየሩ ሲወጣ? በሁለቱም በኩል ያስኬዳሉ። የፈነዳ ፊኛ ሲጨመርበት ግን መመለሻ የለውም። እየነደደ የሚያጥር ሻማም እንደዚያው ነው። ጥርስ መቦረሽና ልብስ መልበስ ደግሞ የትኛውም ቢቀድም ልክ ስለሆነ ለጀማሪ አይስጧት።

ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ድርድሩ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ አያውቅም። ቅደም ተከተሉን ይዞት ከቀኝ ቢጀምር «ተሳሳተ» ይባላል። ለመለየት ድርድሩን ይተዉና «መጀመሪያ የሆነውን ስጪኝ፤ አሁን ቀጥሎ የሆነውን» ይበሏት። በትክክል ካቀበለች የጎደላት አቅጣጫው ብቻ ነው። ረጅም ወረቀት ላይ 3 ሳጥንና ከግራ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ይሣሉላት።

መልስ 2
እኔ ከካርዱ ይልቅ ጥያቄው ላይ አተኩራለሁ። «ከመብላትሽ በፊት ታጠቢ» ሲባል ቀድሞ ጆሮዋ የሚገባው መብላቱ ነው፤ የሚቀድመው ድርጊት ግን መታጠቡ። ትናንሽ ልጆች የሰሙትን በሰሙበት ተራ ነው የሚወስዱት። «ታጥበሽ ብዪ» ቢሏት ቃሉም ድርጊቱም በአንድ ተራ ይሄዳሉ፤ «ከታጠብሽ በኋላ ብዪ»ም እንዲሁ። በእነዚህ ይጀምሩ፣ «በፊት»ን መጨረሻ ላይ ያምጡት። ቃሉ ራሱ አስቸጋሪ ነው፦ «በፊት» ያለፈው፣ «ወደፊት» ገና የሚመጣው፣ «ፊት ለፊት» ደግሞ ቦታ። ልጅ ቢምታታበት አይፈረድበትም።

እስከዚያው «በፊት ምን አደረግሽ?» በማለት ፈንታ «መጀመሪያ ምን አደረግሽ? ከዚያስ?» ብለው ይጠይቁ።

መልስ 3
ካርዱን ከራሷ ፎቶ ይሥሩት። እጅ ስትታጠብ 4 ፎቶ ያንሱ፦ እጇን ስታርስ፣ ሳሙና ስትቀባ፣ ስታለቀልቅ፣ በፎጣ ስታደርቅ። ለመጀመሪያው ዙር እጇን ስታርስ የተነሣውን አውጥተው በ3 ይጀምሩ። አንድ ቦታ ቆመው፣ በአንድ ልብስ ያንሷት፤ ልብሷ ወይም ብርሃኑ ከተለያየ ድርጊቱን ትታ እሱን ትከተላለች። ሁሉንም እኩል ቆርጠው ወፍራም ካርቶን ላይ ይለጥፉ። ጀርባው ላይ ቁጥር አይጻፉ፤ ፈጥነው ይደርሱበታል። ጨዋታው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ይሰብስቡት።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። አዛብታ ስትደረድር ወዲያው ላርማት?

መልስ 1
አያርሟት። «እስቲ ንገሪኝ» ይበሏትና በደረደረችው ተራ ጣቷን እያስነኩ ታስረዳዎት። «እጄን አደረቅኩ፣ ከዚያ አለቀለቅኩ» ስትል ብዙ ጊዜ ራሷ ትነቃለች። ካልነቃች የደረደረችውን በተግባር ይሥሩት፦ በደረቀ እጅ ፎጣውን ይያዙና «ምኑን ላድርቅ?» ይበሏት። ምክንያቱን ካገኘችው ተራውን መሸምደድ አያስፈልጋትም።

መልስ 4
ስለ ውሎዋ፦ ሙሉ ቀን ለዚህ ዕድሜ ረጅም ነው። አሁን ያለቀን ነገር ያስነግሯት፤ ለምሳሌ በብሎክ ቤት ሠርታ እንደጨረሰች። 3 ጣት ዘርግተው ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ጣት ይጠፉ፤ መሐሉን ከዘለለች ጣቱ ተዘርግቶ ይቀራል፣ እርስዎም «ይቺስ?» ይላሉ። «ትናንት» ብላ ያለፈ ወርን ብትጠራ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

ለብዙ ቀን የሚዘልቅ ከፈለጉ፣ የባቄላ ፍሬ እርጥብ ጥጥ ላይ አድርገው በየቀኑ ትሣለው። ጥጡ እንዳይደርቅ፣ ውኃውም ፍሬውን እንዳይውጠው፤ ይበሰብሳል። ሥር ከቡቃያው ስለሚቀድም ሥዕሎቹን በኋላ ቀላቅለው ያስደርድሯት።

ከካርዱ ውጭም «ጫማሽን አምጪና በሩን ዝጊ» የመሰለ ባለሁለት ትእዛዝ ዘወትር የሚጠፋባት ከሆነ፣ ልምምድ ከማብዛትዎ በፊት ጆሮዋን ያስመርምሩ።