«ሞዶቹን ማብረድ» ይባላል ወይ?

ቀፊራ፦ ሰላም ቤተሰብ። ድሬ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ቅንጣት አፋጣኝ ማሽን ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «በኒዮቢየሙ ካቪቲ ውስጥ የሚነሱትን አላስፈላጊ ከፍተኛ ሞዶች ማብረድ ያስፈልጋል» ብዬ ጻፍኩ (ካቪቲ ቅንጣቶቹ እየተገፉ የሚያልፉበት ውስጡ ባዶ የብረት ዕቃ ነው፤ ሞድ ደግሞ በውስጡ ያለው የሬዲዮ ሞገድ የሚነዝርበት ዓይነት)። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ካቪቲው በፈሳሽ ሂሊየም 2 ኬልቪን ደርሷል ብለኸን የለ? ከዚህ ወዲያ ምኑ ይበርዳል?» አለችኝ (ድሬ አንቱታ የለም፣ ታውቃላችሁ)። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳምፒንግን፣ ማለትም ንዝረትን ማዳከምን፣ ምን ልበለው?

ጁገል፦ ማርገብ። የላላ ከበሮ ረገበ ይባል የለ?

የኔታ፦ ረገበ ከርግብ ነው። የኖኅ ርግብ ቅጠል ይዛ የተመለሰችው ውኃው ሲረግብ ነው። ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት የተቀመጥኩት በከንቱ አይደለም።

ጁገል፦ እንዲያማ ከሆነ ሐረር ላይ ርግብ ያረባ ሁሉ ሽማግሌ ነው 😂

ደቻቱ፦ ማርገብ አይሆንም። ከበሮ ሲረግብ ዋናው ድምፁም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ግን ቅንጣቶቹን የሚገፋው ዋናው ሞድ፣ ለምሳሌ የ1.3 ጊጋኸርትዙ፣ መነካት የለበትም። ትርፎቹን የሚቀሰቅሳቸው ራሱ የሚያልፈው የኤሌክትሮን ጭፍራ ነው። እንዲህ የቀዘቀዘ ኒዮቢየም ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፍ) ነው፤ ኃይል እምብዛም ስለማይበላ አንዴ የተነሣ ሞድ ቶሎ አይሞትም፤ ተከታዩን ጭፍራ ገፍቶ ከመስመር ያስወጣዋል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው አንቴና የትርፎቹን ኃይል እየቀዳ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ዋናውን በማጣሪያ ያግደዋል። እዚያው ሙቀት ሆኖ ቢቀር፣ ከ2 ኬልቪን አንዲት ዋት ለማውጣት ማቀዝቀዣው በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ይበላል። እኔ «ማስተንፈስ» ነው የምለው። እናቴ የሽሮ ድስቱን ክዳን በማንኪያ ደገፍ ታደርገዋለች፤ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሽሮው መንተክተኩን አይተውም።

የኔታ፦ ማስተንፈስ የጎሚስታ ቋንቋ ነው! በግእዙ ወንጌል ማዕበሉ ጸጥ ሲል «ዛኅን» ሆነ ይላል። ዛኅን ማድረግ በሉት።

ቀፊራ፦ የኔታ፣ ይህን ሰሌዳ ላይ ብጽፍ ልጆቹ እኔኑ ነው የሚያስተነፍሱኝ።

ጁገል፦ ቆይ ቆይ፣ ዛኅን በብዙኃኑ ኀ ነው? እኔ በሐመሩ ሐ ነው የማውቀው።

የኔታ፦ የት ነው የተማርከው አንተ?

ጁገል፦ እርስዎ በፊት «ሐረር»ን በሃሌታው ጽፈው አይቼዎታለሁ፣ ዝም አልኩ እንጂ።

ቀፊራ፦ ጎበዝ፣ ጠዋት 2፡30 ክፍል አለኝ።

የኔታ፦ መምህር፣ ትንሽ ታገሥ። መጀመሪያ ይህቺን ሀ እንጨርስ።