«ማዳም ቦቫሪ»ን አንብቤ ጨረስኩ፤ ፈተናው ላይ ምን ልጻፍ?

የሊዮኗ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? ፈረንሳይ ነው የምማረው፤ ሥነ ጽሑፍ፣ አንደኛ ዓመት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» ላይ ፈተና አለብኝ። መጽሐፉን ጨርሻለሁ። ታሪኩም ገብቶኛል። ኤማ የምትባል የገበሬ ልጅ የገጠር ሐኪም ታገባለች። ባሏ ይሰለቻታል፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ውሽማ ትይዛለች፣ ዕዳ ውስጥ ትዘፈቃለች፣ በመጨረሻ አርሴኒክ ትቅማለች። ግን መምህሬ የሙከራ ድርሰቴን «ታሪኩን ነገርሽኝ፤ እንዴት እንደተነገረ ግን አልነገርሽኝም» የሚል ጽፋበት መለሰችልኝ። ምን ማለቷ ነው? እውነት ለመናገር ኤማንም ልወዳት አልቻልኩም። ስለ ደራሲው ሕይወትስ ምን ያህል ማጥናት አለብኝ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ኤማን እንድትወጃት ማንም አልጠየቀሽም፤ እሱን ተዪው። መምህርሽ የምትልሽ «የሚናገረው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ ነው።

በእኛ ቋንቋ ላሳይሽ። በአማርኛ የሰው ሐሳብ ስንጽፍ «ለምን አገባሁት? አለች» እንላለን። «አለች» የምትለዋ ቃል አጥር ናት፤ የማን ሐሳብ እንደሆነ ትለያለች። ፍሎቤር ይህን አጥር ያነሳዋል። ኤማ ከመጀመሪያው ውሽማዋ ከሮዶልፍ ጋር ጫካ ደርሳ የተመለሰች ቀን፣ እንግዲህ ያን ተስፋ የቆረጠችበትን የፍቅር ደስታ ልታገኘው ነው፣ ይላል። ይህን ያለው ደራሲው ነው? አይደለም፣ እሷ ናት። ግን «አለች» የለም፤ «እኔ»ም የለም። ስለዚህ አንባቢው ከእሷ ጋር ይደሰታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ይታዘባታል። ፈረንሳይኛው ላይ «ኢምፓርፌ» የሚባለውን ያለፈ ጊዜ ስታዪ እርሳስሽን አንሺና «የማን ድምፅ ነው?» ብለሽ ኅዳጉ ላይ ጻፊ። በየገጹ ባይሆንም በየምዕራፉ ታገኚዋለሽ።

ሌላም አለ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደገና ክፈቺው። «እኛ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ትንሹ ሻርል፣ በኋላ የኤማ ባል የሚሆነው፣ ያን አስቂኝ ቆብ ይዞ ክፍል ሲገባ የሚስቁበት ተማሪዎች ናቸው ተራኪዎቹ። ጥቂት ገጽ ሄዶ «እኛ» ድራሹ ይጠፋል፤ እስከ መጨረሻው አይመለስም። ፈታኞች ይህን ጥያቄ ይወዱታል።

የሂሳብ ሰው፦
እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም፤ ሌጀር (የሂሳብ መዝገብ) ነው የምይዘው። መጽሐፉን ግን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ሰዉ ሁሉ ኤማን ፍቅር ገደላት ይላል። እኔ ብትጠይቁኝ ዕዳ ነው የገደላት።

ነጋዴውን ሌሮን ተከተዪው። መጀመሪያ «ገንዘቡ አያስቸኩልም» ይላል። ከዚያ ወረቀት ያስፈርማል። ቀኑ ሲደርስ ከነወለዱ ሌላ ወረቀት። አራጣ ማለት ይሄው ነው። ቀጥሎ ከባሏ ውክልና እንድትወስድ የሚመክራት ማነው? እሱ ራሱ። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል እንድትገባ አይፈቅድም ነበርና ውክልናው ቁልፍ ነገር ነው። ፍቺም ከ1816 እስከ 1884 (እ.ኤ.አ.) በሕግ የለም። መጨረሻ ላይ 8,000 ፍራንክ በ24 ሰዓት ክፈይ ተባለች። ያኔ እየዞረች ስትለምን ማን ምን እንዳላት በዝርዝር ጻፊ፤ ግማሽ ድርሰት ይወጣዋል።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፦
ፋርማሲስት ነኝ፤ ስለዚህ ኦሜ የሚባለውን ባለመድኃኒት ቤት ሳነብ አፍሬያለሁ 😄 አንቺ ግን አርሴኒኩ መቼ እንደመጣ አስተውለሻል? መጨረሻ ላይ አይደለም! ሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ አካባቢ፣ ኦሜ ለጀም የሚሆን ድስት ከዚያ ከተከለከለ ክፍል ወሰድክ ብሎ ረዳቱ በሆነው ልጅ በዡስተን ላይ ሲጮህ አስታውሺ። ሰማያዊ ጠርሙስ፣ ነጭ ዱቄት፣ «አደገኛ» ተብሎ የተጻፈበት። ኤማ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። የአማቷን መርዶ ሊነግሯት ጠርተዋት እኮ ነው! በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል መርዙ የት እንዳለ ተነገራት። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው የገባኝ።

ፍሎቤር ራሱ የመመረዙን ትዕይንት ሲጽፍ የአርሴኒኩ ጣዕም አፉ ላይ እንደመጣና እራቱን እንዳስመለሰው ለሐያሲው ለኢፖሊት ቴን በደብዳቤ ነግሮታል። አባቱ የሩዋን ከተማ ሆስፒታል ዋና ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ ልጁ ያደገው እዚያው ሆስፒታል ግቢ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የኢፖሊት እግር ቀዶ ጥገና እንደዚያ የሚሰቀጥጠው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። (ይሄኛው ኢፖሊት የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ ነው፤ ከደብዳቤው ሰውዬ ጋር እንዳታምታቺው።)

ከብራስልስ፦
«ማዳም ቦቫሪ ማለት እኔ ነኝ» ያለውን ጥቅስ መግቢያሽ ላይ አድርጊው፤ ነጥብ ያስገኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
ወንድሜ፣ እባክህ እሱን አትምከራት። ያ አባባል በፍሎቤር ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ደብዳቤዎቹ ውስጥም አልተገኘም። ሌሎች ናቸው አለ ያሉት። በታኅሣሥ 1852 ለፍቅረኛው ለባለቅኔዋ ሉዊዝ ኮሌ የጻፈላት ይሻላል፦ ደራሲ በሥራው ውስጥ እግዚአብሔር በዓለም ውስጥ እንዳለው መሆን አለበት፣ በሁሉም ቦታ አለ፣ የትም ግን አይታይም። ይሄ ከላይ ካልኩት ጋር ይገጥማል።

ስለ ሕይወቱ ብዙ አትጨናነቂ። በ1821 ሩዋን ተወለደ፣ በ1880 እዚያው አጠገብ ክሩዋሴ ሞተ። መጽሐፉን ከመስከረም 1851 እስከ ሚያዝያ 1856 ጻፈው፤ አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጮኸ ይፈትሽ ነበር። አንቺም በፈረንሳይኛው ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ጎረቤት ይቅር ይበልሽ። ክሱን ግን አትዝለዪ። ታሪኩ በ1856 መጨረሻ በመጽሔት ወጣ፤ ጥር 1857 የሕዝብን ግብረገብና ሃይማኖትን ነክቷል ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ የካቲት 7 ነፃ ወጣ። ዐቃቤ ሕጉ ኤርኔስት ፒናር በዚያው ዓመት ባለቅኔውን ቦድሌርን ከሶ አስቀጥቷል። ፒናርን ያናደደው አንዱ ነገር ምን መሰለሽ? መጽሐፉ ውስጥ ኤማን የሚወቅስ አንድም ሰው አለመኖሩ! «አለች» የሚለው አጥር ሲነሳ ፈራጁም አብሮ ተነሳ።

የሊዮኗ፦
ጋሼ፣ አሁን ነው የገባኝ! የግብርና በዓሉን ምዕራፍ (ሁለተኛ ክፍል፣ ምዕራፍ 8) ደግሜ አነበብኩት። ሮዶልፍ ፎቅ ላይ ለኤማ ፍቅሩን ይነግራታል፤ ታች ሹማምንቱ ሽልማት ያድላሉ። እሱ ልሄድ መቶ ጊዜ አስቤ ተከተልኩሽ፣ ቀረሁ ሲል፣ ከታች «ፍግ!» ተብሎ ይጠራል። ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ 54 ዓመት አንድ እርሻ ላይ ያገለገለች አሮጊት 25 ፍራንክ የሚያወጣ የብር ሜዳሊያ ይሸልሟታል። እዚያ ጋ ግን ሳቄ ቆመ። «ፍሎቤር እዚህ ጋ በፍቅር ላይ እያሾፈ ነው፣ ይህም ትልቅ ትርጉም አለው» ብዬ ልጽፍ ነው። ልክ ነኝ?

ጡረተኛው መምህር፦
የመጀመሪያውን ያዢው፣ «ትልቅ ትርጉም አለው» የሚለውን ሰርዢው። ከዚያ አሮጊቷን ጨምሪ። ሮዶልፍ በአፉ ብቻ ነው የሚያወራው። እሷ ቃል አትተነፍስም ማለት ይቻላል፤ ደራሲው የሚያሳየን እጇን ነው። ያንን አንቀጽ ስለ እጇ ብቻ አራት ጊዜ አንብቢው።

የሂሳብ ሰው፦
25 ፍራንክ ለ54 ዓመት! በዓመት ግማሽ ፍራንክ አይሞላም። ይቺንም ጻፊያት።

የሊዮኗ፦
እሺ፣ ጻፍኳት 😄 እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዲሱን ድርሰት ሰኞ ለመምህሬ አሳያታለሁ፤ ያለችኝን መጥቼ እነግራችኋለሁ።