«አሥር በመቶ ብቻ»

(ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው።)

ደጃች ውቤ፦ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንዱ ተንታኝ «ከውጭ በሚገባ አንዳንድ ምግብ ላይ ያለው ቀረጥ አሥር በመቶ ብቻ ነው፤ ዋጋ የሚሰቅለው ነጋዴው ነው» ብሎ ፈረደ። ይቺን «ብቻ» ከየት አመጣት? ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩኩን ሰነድ፣ በዓይኑ አይቶ ያውቃል?

ሰባተኛ፦ ምን ዋሸ? ታሪፉ ላይ አሥር ከተባለ አሥር ነው።

ደጃች ውቤ፦ እንካ ቁጠር። ምንም ነፃ ያልተደረገለት ዕቃ፣ ሲአይኤፉ (ዋጋው ከኢንሹራንሱና ከማጓጓዣው ጋር) 1,000 ብር ይሁን። ቀረጥ 100። ቫቱ የሚሰላው ቀረጡ ተደምሮበት በ1,100 ላይ ነው፣ በ15 በመቶ 165። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ ደግሞ ቫቱንም አዝሎ በ1,265 ላይ፣ በ10 በመቶ 126 ከ50። ሶሻል ዌልፌር የሚሉት ክፍያ ከሲአይኤፉ 3 በመቶ፣ 30። ድምሩ 421 ከ50። ዊዝሆልዲንጉን፣ ቀድሞ የሚያዘውን ግብር፣ አልነካሁትም፣ እሱ ከዓመቱ ግብር ላይ ይታሰባል።

ሰባተኛ፦ እኔ ስለ ቀረጥ፣ አንተ ስለ ቫት። ቫቱን አስመጪው ሲሸጥ ያካክሰዋል።

እህል በረንዳ፦ እሱ ያካክስ፤ ጆንያ ሩዝ የምትገዛዋ እናት ከማን ጋር ታካክስ?

ሰባተኛ፦ እሺ፣ በ2014 ዘይት ከቀረጥ ነፃ ሆነ፣ ፍራንኮ ቫሉታም ተፈቀደ። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ረከሰ?

እህል በረንዳ፦ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ኤክስፖርት ዘግታ ነበር፣ ረሳኸው? ፍራንኮ ቫሉታ ማለት ደግሞ ባንክ ዶላር አይሰጥህም፣ ራስህ ፈልግ ማለት ነው። በትይዩ ገበያ ተገዝቶ የመጣ ዶላር ዋጋው ዘይቱ ላይ ነው የሚለጠፈው። የተነሣው ቀረጥ በምንዛሪ ተበላ።

ደጃች ውቤ፦ ጨምርበት። ሲአይኤፉ በዶላር ነው፣ ቀረጡ የሚሰላው ወደ ብር ተመንዝሮ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሄደ። ታሪፉን ማንም ሳይነካው የአንዱ ኮንቴይነር ቀረጥ በብር አብሮ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሁንም «ብቻ»?

ወረታ፦ ቀረጡ ይነሣ የምትሉ፣ የፎገራ ሩዝ ገበሬ የት ይግባ?

እህል በረንዳ፦ የፎገራው ከጤፍ ጋር ለእንጀራ አንደኛ ነው። ሆቴል ግን ሙሉ ፍሬ ነው የሚፈልገው፣ የናንተው ግማሹ ስብርባሪ።

ወረታ፦ ስብራቱ ከዘሩ አይደለም! ፀሐይ ላይ ከልክ በላይ ከረመ ፍሬው ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ እርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ ሲደርስ መነሣት አለበት። ወፍጮው ደግሞ መሸልቀቁንም ማንጣቱንም ባንዴ በግፊት የሚጨርስ ነው። መሸልቀቂያና ማንጫው ለየብቻ ቢሆን እንዲህ አይደቅም።

እህል በረንዳ፦ ታዲያ ወፍጮው ይቀየር እንጂ የኔ ጆንያ ለምን ይቀረጥ?

ወረታ፦ ያንተ ጆንያ በነፃ እየገባ ማን ወፍጮ ይገዛል?

ሰባተኛ፦ ሩዙን ስትፈትጉ ጥያቄዬ ቀረ። ቀረጡ ስንት ነው?

ደጃች ውቤ፦ አሥር። ከ421 ከ50ው ውስጥ መቶዋ።

ሰባተኛ፦ መቶዋ ብቻ።